ምዕራፍ ስድስት፦ በዚያው 24 ሰዓት ውስጥ

ስለ ጤና የሚጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ ጊዜ ላለው ሰው የተጻፉ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ተነሺ፣ ስፖርት ሥሪ፣ ተረጋግተሽ ቁርስ ብዪ፣ ማታ መጽሐፍ አንብቢ ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጀሞ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ መሀል ከተማ ተቀጥራ የምትሠራ እናት ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ምሳ ዕቃ ላይ ናት። ትንሹን ቀስቅሳ ታጥባለች፣ የትልቋን ፀጉር ትይዛለች፣ ሰርቪሱ እንዳያመልጥ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች፤ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃታል። ማታ ስትገባ ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል። እንዲህ ላለች ሴት «ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ተነሺ» ማለት ከእንቅልፏ ላይ መውሰድ ነው።

ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ሚዛን ጠባብ ነው። እዚህ የሚገባ ልማድ ወይ ምንም ጊዜ የማይወስድ፣ ወይ የወሰደውን በዚያው ሳምንት የሚመልስ መሆን አለበት። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ብርታት አልጎደላትም፤ ብርታቷን በየቀኑ እያየነው ነው። የጎደላት ተራ የሚቀበላት ሰው ነው። ልጁ ሌሊት ሲያተኩስ ተራ ተቀባይ የለም፤ እሷ ራሷ ስትታመምም የለም። ከታች ካሉት ልማዶች አንዳንዶቹ ሰውነትን ይደግፋሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያንን ተራ ተቀባይ የሚያመጣው ነው፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ እንደርስበታለን።

አስቀድሞ ስለ ልማድ አንድ ነገር እናጥራ። «ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚለው አባባል በየሥልጠናው ይደጋገማል። ፊሊፓ ላሊ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ስትከታተል ያገኘችው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የሚያደርጋት አንዲት ነገር መረጠ፤ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ ከሰው ሰውም በጣም ተለያየ፤ ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ልጅ ሲያለቅስ ያደረበት ሌሊት ማግስት ሁሉ ነገር ይዘለላል። እሱን «ተበላሸ» ብለሽ አትቁጠሪው። በሚቀጥለው ቀን ትቀጥያለሽ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ቁም ነገር ልማዱን የምታስሪበት ቦታ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ለዓመታት እንዳሳየው፣ አንድን ነገር መቼና የት እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው «አደርገዋለሁ» ብሎ ብቻ ካሰበው ሰው በተሻለ ይፈጽመዋል። «ውሃ በደንብ እጠጣለሁ» የሚለው ሐሳብ እስከ ምሳ ይረሳል። «የምሳ ዕቃውን ክዳን ስዘጋ አንድ ብርጭቆ ውሃ እጠጣለሁ» የሚለው ግን ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር ራሱን ያስታውሳል። የአንቺ ቀን አስቀድሞ በማይቀሩ ነገሮች የተሞላ ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነሽ፤ አዲሱን ነገር የምታስሪበት ችንካር አታጪም።

ቡናውና ሻዩ የት ይቀመጡ?

ቡና አቁሚ የሚል ምክር እዚህ አታገኚም። በብዙ እናቶች ቀን ውስጥ ቁጭ የሚባልባት ብቸኛ ሰዓት ቡና ናት፤ እሷን መውሰድ ጭካኔ ነው። የሚያስፈልገው ሰዓቱን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ብረት ነው፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ማዕድን። ሴት በወር አበባ በየወሩ ብረት ታጣለች፤ እርግዝናና ወሊድ ደግሞ ብዙ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ መንስኤው ብዙ ነው፤ የብረት እጥረት አንዱ ዋነኛው ነው። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ነገር መርሳት፤ እነዚህን ብዙ እናቶች «ከሥራ ብዛት ነው» ብለው ያልፏቸዋል። አንዳንዴ ከሥራ ብዛት ነው። አንዳንዴ ግን ደሙ ነው፤ በጤና ጣቢያ በቀላል ምርመራ ይታወቃል።

ምግባችን ብረት አይጎድለውም። ጤፍ አለው፣ ምስር አለው፣ ሽሮ አለው፣ ጎመን አለው። ችግሩ ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት ከሥጋው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም የማይገባ መሆኑ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግብ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰ።

አሁን የተለመደውን ቀን ተመልከቺ። ጠዋት ፍርፍር በሻይ። ምሳ ሽሮ፣ ወዲያው ቡና። ጾም ሲሆን ሥጋም እንቁላልም የለም፤ የምታገኚው ብረት ሁሉ ከእህሉና ከቅጠሉ ነው፤ እሱን ደግሞ ቡናው ያስቀረዋል። ልጆቹም ቁርሳቸውን በሻይ ነው የሚበሉት። በዚያው ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የታየው የደም ማነስ 57 በመቶ ነበር። ለሕፃን ቁርስ ሻይ መስጠት ከልማዶቻችን ሁሉ በቀላሉ ልንተወው የሚገባን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውሃ ወይም ካለ ወተት ይበቃዋል።

እንግዲህ ቁርስ በውሃ ይሁን። ሻዩን ወይም ቡናውን ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤት ጠጪው፤ ቁርሱ ርቋል፣ ምሳው ገና ነው። ምሳ ላይ ከሽሮው ወይም ከምስሩ ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት ወደ ደም ለማስገባት ይረዳል። እሳት ስለሚያጠፋው ጥሬ መሆኑ ይሻላል። ሐኪም የብረት እንክብል ካዘዘልሽም በውሃ ዋጪው፤ በሻይ፣ በቡናና በወተት አይሆንም።

ይኸው ሰዓት የመለወጥ ነገር እንቅልፍንም ይነካል። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን በአዋቂ ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይህን የሚነግርሽ ሰው ብዙ አይገኝም። ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው የቅዳሜ ቡናም ከምሽት ይልቅ ረፋድ ላይ ቢፈላ ወሬውም ስኒውም አይቀንስም፤ የሚተርፈው እንቅልፍ ነው።

ልጆች ከተኙ በኋላ ያለችው ሰዓት

ልጆቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ይተኛሉ እንበል። ዕቃ ይታጠባል፣ ዩኒፎርም ይተኮሳል፣ ከዚያ ስልኩ ይከፈታል። ቲክቶክና ቴሌግራም እየተላለፉ እስከ 6 ሰዓት። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ደወሉ ይጮኻል። አምስት ሰዓት እንቅልፍ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ሰባትና ከዚያ በላይ ነው።

ይህችን ሰዓት በስንፍና የሚተረጉሙ ሰዎች አልገባቸውም። ከቀኑ ሁሉ ማንም «እማ» የማይልባት፣ ማንም አለቃ የማይጠራባት ብቸኛ ሰዓት ናት። ሙሉ በሙሉ ተይው የሚል ምክር ስለዚህ አይሠራም። የሚሠራው ከሁለቱ ሰዓት ግማሽ ሰዓቷን ከፍሎ ለእንቅልፍ መስጠት፣ የቀረውን ደግሞ ያለ ጸጸት መዝናናት ነው። ስልኩ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት ከአልጋው ርቆ ሳሎን ቢሆን ግማሽ ሰዓቷ በቀላሉ ትገኛለች፤ ለደወሉም ቢሆን መነሳት ስለሚያስፈልግ ጠዋትም ይረዳል።

ጋደም ካልሽ በኋላስ? ያኔ ነው ሐሳብ የሚመጣው፤ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የነገው የወላጅ ስብሰባ፣ ያለቀው ዘይት። በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማይክል ስከሊን ለዚህ የሚሆን ነገር ሞክሯል። 57 ወጣቶችን ከመኝታ በፊት አምስት ደቂቃ አስጻፋቸው፤ ግማሾቹ የሠሩትን፣ ግማሾቹ በቀጣዮቹ ቀናት ሊሠሩት የሚገባቸውን። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩ ይበልጥ ግልጽ በሆነ ቁጥርም ቶሎ ተኙ። ወጣቶቹ የኪራይ ጭንቀት እንዳለባት እናት አልነበሩም፤ ዘዴው ግን ምንም ስለማያስወጣ መሞከሩ ተገቢ ነው። ከልጁ አሮጌ ደብተር የቀረ ገጽ ይበቃል። «ኪራይ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ረቡዕ በምሳ ሰዓት አከራዩ ጋ ደውዬ እስከ 5ኛው ቀን እንዲጠብቁኝ እጠይቃለሁ» ብለሽ ጻፊ። የመጀመሪያው ሐሳብን ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ያስቀምጠዋል።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ አልልም፤ በቀን ስንት ደረጃ እንደምትወጪ አውቃለሁና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው ቢያንስ አሥር አሥር ደቂቃ ካልሆነ አይቆጠርም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ ይህ ገደብ ቀርቷል፤ ትንሹም ይቆጠራል። ጠዋት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ወርደሽ ፈጠን ብለሽ ሂጂ። ማታ ሳይሆን ጠዋት ያልኩት ለደኅንነትሽ ነው፤ የጠዋት ብርሃንም የሰውነትን የሰዓት አቆጣጠር ስለሚያስተካክል ለማታው እንቅልፍ ይጠቅማል።

በር ስትከፍቺ

የእናቶችን ልብ ከሁሉ በላይ የሚበላው ድካም ሳይሆን «ልጆቼን በድያለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የለሁም፣ ስመጣ እጮኻለሁ፣ አባትም የላቸው። ስለዚህ ጉዳይ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እናቶችንና ሕፃናትን በቪዲዮ እየቀረጸ ካጠናው የሚያሳርፍ ነገር አለ። ደህና በሚባል ግንኙነት ውስጥ እንኳ እናትና ሕፃን በትክክል የሚግባቡት ከጊዜው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ አንዱ ሲያይ ሌላው ዞሯል፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ደክሞታል። ልጁን የሚያጸናው መሳሳት አለመኖሩ ሳይሆን ከተላለፉ በኋላ መልሶ መገናኘቱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ልማድ አሥር ደቂቃ ነው። በር ከፍተሽ ስትገቢ ቦርሳውንና ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጪ፤ ወደ ወጥ ቤት ከመግባትሽ በፊት ከልጆቹ ጋር ቁጭ በዪ። የቤት ሥራ አትጠይቂ፣ ዩኒፎርሙ ለምን ቆሸሸ አትበዪ። እነሱ ያወሩ። አሥር ደቂቃው የሚመለስ ነው፤ ያላገኙሽ ልጆች ሽንኩርት ስትከትፊ ቀሚስሽን ይዘው ይጎትታሉ፣ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ያገኙሽ ግን ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። በማግስቱ ጠዋት በችኮላ ከጮኽሽበትም ማታ «ጠዋት ተቆጥቼሃለሁ፣ ተቻኩዬ ነው፣ ይቅርታ» በዪው። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ክብር ያሳጣል የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አክብሬያቸው አልስማማም፤ ልጁ ከተጣሉ በኋላ መታረቅ እንዳለ የሚማረው ከዚሁ ነው።

ተራ ተቀባይ

አሁን ወደ ትልቁ ደረስን። ጁሊያን ሆልት ሉንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ 50 በመቶ ይበልጥ እንደነበር አሳይተዋል። ይህ ለሀገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ እድርና ማኅበር ያቋቋምነው ሰው ብቻውን እንደማይችል ስላወቅን ነው። ሆኖም እድር የሚደርሰው ሞት ሲመጣ ነው። ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ልጅ ከሰርቪስ የሚቀበል ሰው ለማግኘት የተቋቋመ እድር የለም።

ብቻዋን የምታሳድግ እናት ደግሞ ለመጠየቅ ታፍራለች። ባል ጥሏት ከሄደ «ምን አድርጋው ነው?» ይባላል፤ ሳታገባ ከወለደች ሌላ ይባላል። ስለዚህ ችግሯን በር ዘግታ ትይዛለች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ትላለች። ይህ ዝምታ ከቡናውም ከእንቅልፉም ይበልጥ ይጎዳል።

ዚምባብዌ ውስጥ ይህን የሚያስረዳ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ፣ በሰፈር ውስጥ የሚሠሩ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የጨነቀው ሰው ይመጣል፣ አያቲቱ ታደምጣለች። ከዚያ ችግሮቹን አብረው ይዘረዝራሉ፣ ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ይመርጣሉ፣ ለዚያ ለአንዱ ሊደረግ የሚችል ነገር ይወስናሉ፤ ሰውየው አድርጎ ይመለሳል። 573 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ሙከራ፣ ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከተረዱት 50 በመቶው የድብርት ምልክት ሲታይባቸው፣ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ላይ የታየው በ14 በመቶው ነበር።

እኛ ወንበሩ አለን፤ ረከቦቱ አጠገብ ነው። የሚጎድለን አንዱን ችግር የመምረጡ ነገር ነው። ቡና ላይ ኑሮው ሁሉ ይነሳል፣ ሁላችንም እናዝናለን፣ እንበተናለን። አንዲት የምታምኛት ሴት ምረጪ፤ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አንቺን መሰል ሌላ እናት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት ተገናኙ። የሚወራው ሁሉ ይወራ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ምረጡና እስከሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደምታደርጉ ተናገሩ።

ስትጠይቂም ነገሩን ለይተሽ ጠይቂ። «እስቲ ልጆቹን አልፎ አልፎ እዩልኝ» ሲባል ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ማንም መቼ እንደሆነ አያውቅም። «እትዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ትንሹን ቢያዩልኝ፣ እኔ ቅዳሜ ለእርስዎም እንጀራ እጋግራለሁ» ሲባል ግን ነገሩ ውል ይሆናል፣ ልመናነቱ ይቀራል። ምጣዱ ለአንድ ቤት ሞቆ ለሁለት ቢጋግር የሚጨምረው ድካም ትንሽ ነው። ሁለት እናቶች ተራ ገብተው ልጆቹን ወደ ሰርቪስ ቢያደርሱ እያንዳንዷ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጠዋት ነጻ ትሆናለች። አቅም ከፈቀደ ደግሞ እንጀራ ግዢ፤ የተገዛ እንጀራ የበላ ልጅ የእናቱ ፍቅር አልቀነሰበትም።

ልማድ የማይደርስበት ቦታ

ከላይ ያለው ሁሉ ሕግና ሐኪም የሚሠሩትን አይተካም። አባት በሕይወት ካለ ቀለብ የመስጠት ግዴታው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተወለደና ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ በዚህ አይለያዩም። ቀለብ መጠየቅ የልጁን መብት ማስከበር ነው፤ የምታፍሪበት ምክንያት የለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሪ ከሆነም፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ በመሥሪያ ቤትሽ ማቆያ ከሌለ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ሐዘን፣ ተስፋ ማጣት ወይም ቀድሞ የሚያስደስትሽን ነገር መጥላት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየብሽ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አብረው ከጠፉ ወይም ከልክ በላይ ከበዙ፣ ይህ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂጂ። የአእምሮ ጤናን የሚያዩ ባለሙያዎች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ካልሆነም አዲስ አበባ ላይ ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊልኩሽ ይችላሉ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ያንኑ ቀን ለምታምኛት ሴት ተናግረሽ አብራችሁ ሂዱ። ለሐኪሙ «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብለሽ አትመለሺ፤ ብዙዎች በዚህ ምክንያት ማስታገሻ ይዘው ይመለሳሉ። መቼ እንደጀመረሽ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ልጆቹን ብቻሽን እንደምታሳድጊ ንገሪው፤ ደምሽም እንዲታይ ጠይቂ።